ውሻዬ ትውለድ ወይስ ትቅር

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ቀን ጠዋት የግቢዬን በር ስከፍት የሰፈሩ ወንድ ውሾች ደጄ ላይ ተኮልኩለው አገኘኋቸው። አንዱ አንካሳ ነው። አንዱ ከሥጋ ቤቱ በራፍ የማይጠፋው ቡላ ነው። የቀሩትን አላውቃቸውም። ሲያዩኝ ፈቀቅ አሉ እንጂ አልሄዱም። ውሻዬ ከኋላዬ መጥታ በእግሮቼ መሃል አንገቷን ብቅ አደረገች። ያኔ ገባኝ፤ ጊዜዋ ደርሷል። በሩን መልሼ ዘጋሁና ትልቅ ድንጋይ አስደገፍኩበት።

ከዚያ በፊት ይህን ጣጣ የሚወጣው ባለቤቴ ነበር። ጊዜዋ ሲደርስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ይዘጋባታል፤ ቀን ቀን እሱም እዚያው ተቀምጦ ይሠራል። የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ጠጋኝ ስለነበር ዕቃ ቤቱ የእሱ ነው፤ ብሎኑም፣ ዘይቱም፣ የተፈታታው ሞተርም እዚያ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ «አሁንም አልለቀቃትም?» እለዋለሁ፤ «ትንሽ ቆዪ» ይለኛል። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚያውቅ ጠይቄው አላውቅም። እሱ ካረፈ ደግሞ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ውሻዋን ያመጣት ከአምባሰል በኩል ነው። ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ማታ ሲመለስ ከጃኬቱ ውስጥ አወጣት። ነጭ ናት፤ ጆሮዎቿ ቀያይ፣ ደረቷ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታክል ቀይ ምልክት አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ከስንቱ ቡችላ መሃል መርጬ ያመጣኋት ናት» ይል ነበር። ስም ግን አላወጣላትም። «አንቺ» ነው የሚላት። እኔንም የሚጠራኝ «አንቺ» ብሎ ስለሆነ፣ ከዕቃ ቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጣራ ሁለታችንም ቀና እንላለን። እሱ ይስቃል። እኔ ተቆጥቼ «ለአንዳችን ስም አውጣልን» እለዋለሁ።

ከሞተ በኋላ «አንቺ» የሚለኝ ሰው የለም። ጎረቤቶቼ «ቲቸር» ይሉኛል፣ ልጄ ከሐዋሳ ስትደውል «እማዬ» ትለኛለች። አሁን «አንቺ» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ብቻ ነው የሚወጣው፤ የሚሄደውም ወደ ውሻዋ ብቻ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እስከ ቤቴ ይሰማል። ልጆቹ እየጮሁ ያልፋሉ፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ወደ ሐይቁ ወርጄ ከዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ የዓሣ ጭንቅላት ለምኜ እመለሳለሁ፤ ቀቅዬ ከተረፈ እንጀራ ጋር እሰጣታለሁ፤ ስትበላ ቆሜ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ከእሷ በስተቀር ከማንም ጋር ሳልነጋገር ይመሻል። ያን ጠዋት በሩን ዘግቼ ስመለስ ፊቷን ልብ ብዬ አየሁት። አፍንጫዋ ዙሪያ መሸበት ጀምሯል። «እሷስ ብትሞትብኝ?» የሚል ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። ከዚያ ሐሳብ ቀጥሎ ሌላው መጣ፦ ብትወልድስ? አንዱን ባስቀርስ?

ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ እንደኔ ባሏ የሞተባት ናት። ልጆቿን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሶላት ልብሷን እንዳትነካባት ብላ ውሻዬን አታስጠጋትም፤ ስትመጣ ከሩቅ «ያዢያት!» ትላለች። ነገር ግን ዒድ በሆነ ቁጥር አጥንቱን ለይታ በአጥሩ ላይ የምትወረውርላት እሷው ናት። ያን ቀን ብቅ ብላ ደጄ ላይ ያለውን ሠራዊት አየችና ሳቀች።

«ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ሽማግሌ የላከው ማነው?»

«ተይኝ እባክሽ። ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል።»

«ምን ያስጨንቃል? ትውለድ። እሷም የአላህ ፍጡር ናት፣ ልጅ ያምራታል። ግን ከነዚህ ዱርዬዎች ጋር አይሆንም። ወንዱን መርጠሽ ስጫት።»

ሐሳቤን ጮክ ብላ የተናገረችልኝ መሰለኝ። ያን ቀን ከሰዓት ውሻዋን ዕቃ ቤት ቆልፌባት ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ላምና በግ ይዘው የመጡ ገበሬዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ባዶ እጄን ስለነበርኩ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰላት።

«እናቴ፣ እንስሳው የታል?»

«ቤት ናት። ውሻ ናት። ምክር ፈልጌ ነው።»

ወንበር ሰጠችኝ። ነገሩን ስነግራት ሳትቸኩል ሰማችኝ። ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አታውቅም አልኳት።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ ዕድሜዋ ገፍቷል» አለች። «አትወልድም ማለቴ አይደለም፤ ልትወልድ ትችላለች። ግን ምጡ ሊከብዳት ይችላል። ከከበዳት ደግሞ እዚህ ቀዶ ሕክምና የለንም፤ ደሴ መድረስ አለባት። ያን ዕለት መኪና ይገኛል? መንገዱ ክፍት ይሆናል? ይህን አስቀድመው ማሰብ አለብዎት።»

«ወንዱስ? ጥሩ ወንድ ባገኝላት?»

«ሄደው በዓይንዎ ይዩት። ጤነኛ ነው ወይ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል ወይ፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ከማን ነው የተወለደው፤ ሥጋ ዘመዷ እንዳይሆን። ከሁሉ በፊት ግን ቡችሎቹን የሚወስድ ሰው ይፈልጉ። ከተወለዱ በኋላ ሳይሆን አሁን። ወንዱንም ሴቷንም የሚወስድ።» ቀና ብላ አየችኝና «እርስዎ ግን ቡችላ ለምን ፈለጉ?» አለችኝ።

ጥያቄው ያልጠበቅሁት ነበር። ግቢ ለመጠበቅ ልላት አስቤ ነበር። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«ቤቱ ዝም አለብኝ» አልኳት።

እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝና «ካልፈለጉ ደግሞ እንዳትወልድ የማምከን ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ደሴ ወስደው ማሠራት ይችላሉ። ያስቡበት፣ ግን ብዙ ቀን የለዎትም» አለችኝ።

በማግስቱ ቡችላ የሚወስድልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ሐይቅ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ከተማ ነው፤ ግማሹን ሰው አስተምሬዋለሁ። ማን እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ሐይቁ ዳር ዓሣ ከምትጠብሰው ሴትዮ ዘንድ ነው።

«ወንድ ከሆነ ሁለትም እወስዳለሁ» አለች ዓሣውን እየገለበጠች።

«ሴት ብትሆንስ?»

«ሴቷን ምን ላደርጋት ቲቸር? በየዓመቱ ደጄ ላይ እየወለደች? አይሆንም።»

ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ወንድ ከሆነ አለ። የእንጨት ነጋዴው ወንድ ከሆነ፣ ያውም ጥቁር ከሆነ አለ። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው «ለእርስዎ ስል ሴቷንም እወስዳለሁ» ብሎ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ሚስቱ ከጓዳ ሆና «የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፣ አከራይዋ ዶሮ እንኳን አታስገባም» ስትለው አንገቱን ደፋ። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

እየዞርኩ ስሄድ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሰዉ በር ላይ ሲያየኝ ደስ ይለዋል፤ «ግቢ፣ ጠፋሽ፣ ጠፋሽ» ይለኛል። የመጣሁበትን ስነግረው ፊቱ ይለወጣል። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ውሻ የምታወራ ሆኜ ታየኋቸው መሰለኝ። አንዷማ «ቲቸር፣ ልጅሽ ዘንድ ሄደሽ ብትቀመጪ አይሻልም?» አለችኝ።

በከተማው ውስጥ ጌታ የሌላቸው ውሾች ብዙ ናቸው። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ ውሾቹ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ በዙ። አንድ ሰሞን ማን እንደበተነው ያልታወቀ መርዝ በየጥጋጥጉ ተጥሎ ጠዋት ጠዋት ሬሳቸውን እያየን አልፈናል። ብዙዎቹ ጡታቸው የተንጠለጠለ ሴቶች ነበሩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ እነሱን አስታወስኩ፤ ግን ሐሳቤን ገና አልተውኩም ነበር። ወንዱን ልየው ብዬ ራሴን አታለልኩት።

ወንዱ ያለው አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ነው። ውሻዬ የመጣችው እዚያ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ነበር። ባለቤቴ ሲሞት እኚሁ ሽማግሌ ያን ሁሉ መንገድ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ነበር። ሲሰናበቱኝ «ጠንካራ ወንድ ውሻ አለኝ፤ ለግቢሽ ጠባቂ ከፈለግሽ ዘር አይጠፋም» ብለውኝ ሄደዋል። ስደውልላቸው «አምጫት!» አሉኝ። «መጀመሪያ ልየው» አልኳቸው፤ ሥጋ ዘመዷ አለመሆኑን ማጣራት ነበረብኝ። ዕቃ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ያን መንገድ ከባለቤቴ ጋር በሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ማሽላው ራስ አውጥቶ፣ ሜዳው ቢጫ አደይ ለብሶ፣ የአምባሰል ተራራ ጫፉ በደመና ተሸፍኖ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት በስልኳ ዘፈን ታዳምጣለች። ከሰው ጋር ማውራት አምሮኝ ነበር፤ ግን ጆሮዋ ተደፍኗል። ውጫሌ ስደርስ ባጃጅ ይዤ፣ ባጃጁ ከማይዘልቅበት ደግሞ በእግሬ ሄጄ ደረስኩ።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል፤ ልጆቻቸው አንዱ ዓረብ አገር፣ ሌላው ኮምቦልቻ ነው። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል፤ ለእኔ መምጣት ብለው መሆኑ ያስታውቃል።

«አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ። የመካኒኩ ሚስት ቤቴ መጣች! አልሐምዱሊላህ።»

እርጎ አቀረቡልኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ውሻው ከግራር ግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ትልቅ ነው፤ ሲቆም ወገቤ ጋ ይደርሳል። ነጭ ነው፤ ጆሮዎቹ ቀያይ ናቸው። ወደኔ ዞሮ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ሲያደርግ ልቤ ደነገጠ፤ ውሻዬ እንዲሁ ነው የምታደርገው። ደረቱ ላይ ያንኑ ቀይ ምልክት አየሁ።

«አባባ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የእናትየዋ ነዋ! ያንቺን የወለደችው። የአሮጊቷ የመጨረሻ ልጅ ይሄ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሞተች።»

«ታዲያ ወንድሟ ነዋ።»

«በእናት» አሉ ምንም ሳይመስላቸው። «በአባት ይለያያሉ። ውሻ ደግሞ እህት ወንድም ያውቃል እንዴ?»

«ሐኪሟ አይሆንም ብላኛለች» አልኳቸው።

ትንሽ ተከዙ። ጉዞዬ ከንቱ መሆኑ ያሳዘናቸው መሰለኝ። ግንዱ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና እኔም እንድቀመጥ ጠቆሙኝ።

«ሐኪሟ ካለች ይሁን» አሉ። «እኔስ የውሻሽ ዘር ይብዛልሽ ብዬ ነው። ያቺ ውሻ ዕድሏ ነው እንጂ እስካሁን መች ትኖር ነበር!»

«እንዴት?»

«መካኒኩ አልነገረሽም?»

መልሴን ሳይጠብቁ እንደማውቅ ቆጥረው ቀጠሉ። እናትየዋ በወለደች ጊዜ ወንዶቹን ሰው ተሻምቶ ወሰዳቸው። ሴቶቹን የሚፈልግ ጠፋ። ልጃቸው በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ከመንገዱ ማዶ ገደሉ ሥር ጣላቸው። ባለቤቴ የውሃ ፓምፑን ጠግኖ ሲመለስ ድምፅ ሰምቶ ወረደ። ከረጢቱን ሲፈታ በሕይወት ያለችው አንዷ ብቻ ነበረች።

«ይዟት እዚህ ድረስ ተመልሶ መጣ» አሉ። «ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ወተት ካለ ስጡኝ ብቻ ነው ያለኝ። በጣቱ እያላሰ፣ እዚያች በር ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። እኔ ያን ቀን በጣም አፍሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ወዳጅ የሆንነው። ነግሮሻል፣ አይደል?»

«አዎ፣ ነግሮኛል» አልኳቸው።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ምናልባት ባሌን ከእኔ የበለጠ ሌላ ሰው ሲያውቀው ማየት ከብዶኝ ይሆናል። ልሂድ ስል «ጀምበሯ ገና ናት፣ ትንሽ ተጫወቺ» አሉኝ፤ ደግሞ ትንሽ ቆየሁ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፣ ስለ ወገባቸው አወሩኝ፣ ዓረብ አገር ያለው ልጃቸው ስልክ ሲደውል ድምፁ እየተቆራረጠ እንደሚያስቸግራቸው አወሩኝ። በመጨረሻ ስነሳ እስከ ባጃጁ ድረስ በከዘራቸው እያዘገሙ ሸኙኝ። ዞር ብዬ ሳይ እንደቆሙ ነበሩ።

በመልሱ መንገድ የማስበው ስለ ባለቤቴ ነበር። ስንት ዓመት «መርጬ ነው ያመጣኋት» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳለ መጠየቅ ፈለግሁ። እኔ እንዳላዝን ነው? ወይስ ሽማግሌው በሰው ዘንድ እንዳይነወሩ? ወይስ ለራሷ ለውሻዋ ክብር ብሎ? እሱ ቢኖር አንድ ሳቅ ስቆ ይነግረኝ ነበር። ሰው ሲሞት ምን ያህል ያልጠየቅነው ነገር ይዞ እንደሚሄድ የገባኝ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ዘፈን ታዳምጥ የነበረችው ልጅ በመልሱ አልነበረችም፤ አጠገቤ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተቀምጦ ነበር።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ሙሉ ቀን ስታለቅስ ዋለች፤ እኔንም አስለቀሰችኝ» አለች። ዕቃ ቤቱን ስከፍት ውሻዬ ዘላ ደረቴ ላይ ወጣች። አንድ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። የተፈታታው ሞተር ባለቤቴ እንደተወው ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

አንድ ቡችላ አስቀራለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ሌሎቹስ? ግማሾቹ ሴቶች ይሆናሉ። «ወንድ ከሆነ» ያለኝ ሰው ሁሉ ፊት በዓይኔ መጣብኝ። ያንን ከረጢት የቋጠረው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ የሚወስዳቸው ያጣ ሰው ነው። እኔስ የሚወስዳቸው ባጣ ምን አደርጋለሁ? ሁሉንም ላሳድግ? ጉልበቴን አውቀዋለሁ። እሷስ ምጡ ቢጸናባት? ቤቱ ዝም አለብኝ ብዬ እሷን እዚያ ውስጥ መክተት ከበደኝ። እንዲያም ሆኖ ያን ቀን «አልፈልግም» ብዬ በቁርጥ አልተነሳሁም። የሆነው እንዲህ ነው፤ በማግስቱም ቆለፍኩባት፤ በሦስተኛውም ቀን ቆለፍኩባት፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ተወሰነ።

ቀላል አልነበረም። በሩን ከሥር እየቆፈረች ጥፍሯን አደማችው። ስታላዝን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከውጭ ያሉት ይመልሱላታል። እኔ ምግቧን ይዤ ስገባ ፊቷን ታዞርብኛለች። ከእኔ ጋር ተጣልታ አታውቅም ነበር። ጎረቤቴ ባልዲ ውሃ አዘጋጅታ ውሾቹ በአጥሩ ሊዘሉ ሲሉ ትደፋባቸዋለች፤ «ሂዱ! ቲቸር ልጅ አልሰጥም ብላለች!» ትላቸዋለች። ሰው ቆሞ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ ግን ወደ ቤት ስገባ ደግሜ ደጋግሜ «ነፍጌያት ይሆን?» እል ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳት።

«ትውለድ ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ» አልኳት። «ፍጡር ናት፣ ልጅ ያምራታል አልሽኝ።»

«ብያለሁ» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔ ስድስት ወልጃለሁ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ስንት ሰው ታያለሽ?» አለችኝ።

ወዲያው አፍራ መሰለኝ «ውሻዋን ማለቴ አይደለም» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ጊዜው አልፎ፣ ሐኪሟ ይበቃል እስካለችኝ ድረስ ጠብቄ ደሴ ልወስዳት ተነሳሁ። ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም አሉኝ። የጫነኝ የጎረቤቴ የእህት ልጅ ነው፤ ሽንኩርት የሚያመላልስበት አይሱዙ አለው። ጠዋት ስወጣ ጎረቤቴ ልብሷን ለባብሳ፣ ሻሿን አስራ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች።

«አንቺ ደግሞ የት ነሽ?»

«ብቻሽን ልትሄጂ ነው እንዴ? ውሻዋን በዚያ በኩል አድርጊያት እንጂ።»

ሄድን። ደሴ ያለው ሐኪም ዕቃውን ሲያዘጋጅ ውሻዬ እጄን ላሰችኝ። መርፌውን ሲወጋት ዓይኗ እኔ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ተከደነ። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጎረቤቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ብላ ዱዓ ታደርጋለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ባለቤቴን ሆስፒታል ያስገባን ጊዜም እንዲሁ አጠገቤ ተቀምጣ እንደነበር አስታወስኩ።

ስንመለስ ውሻዋ ገና ሰመመን ውስጥ ነበረች፤ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ጭንቅላቷ ተንሸራቶ የጎረቤቴ ነጠላ ላይ አረፈ። ምራቋ በጨርቁ ላይ ወረደ። ደንግጬ ላነሳት ስል ጎረቤቴ ያዘችኝ።

«ተያት፣ ትተኛ። ስገባ ሸሪዓው እንደሚያዘው በአፈርም በውሃም አጥበዋለሁ፣ ይለቃል።»

ጎረቤቴ እስከ ሐይቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ሹፌሩ የእህቷ ልጅ በመስታወቱ እያየ ፈገግ አለ።

ቁስሉ በደህና ዳነ። መጀመሪያ ሰሞን ከኩርፊያ አልወጣችም፤ ጥግ ይዛ ትተኛለች። ከዚያ አንድ ጠዋት የዓሣ ጭንቅላቱን ይዤ ስገባ ጅራቷን መሬት ላይ ጠበጠበች። ታረቅን። አሁን ወፍራለች። ሐኪሟ ክሊኒኩ በር ላይ ስታገኘኝ «ምግቧን ይቀንሱላት እናቴ» ትለኛለች።

ነገሩን ለልጄ የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኔትወርክ አስቸግሮን ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምጿ አጠገቤ ያለች ያህል ይሰማ ነበር። ውጫሌ ስለመሄዴ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ደሴ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ ገደል ወርዶ ከረጢት እንደፈታ ስነግራት አቋረጠችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ያን ሁሉ ብቻሽን?»

«ብነግርሽ ነይ ትይኝ ነበር።»

«አሁንም ነይ እልሻለሁ።»

«እሷን ይዤ የት እመጣለሁ?» አልኳት። እሷም ያላት አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን።

ጎረቤቴ አሁን ኮምቦልቻ ትልቁ ልጇ ዘንድ ናት። ሚስቱ ወልዳለት አራስ ልታርስ ሄዳ ቆየች። ቤቷ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ፤ አልፎ አልፎ ገብቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ያልተወለዱትን ቡችሎች አስባለሁ። ስንት ይሆኑ ነበር? ጆሯቸው ቀይ ይሆን ነበር? አንዷ እግሬ ሥር እየተደናቀፈች፣ ጫማዬን እያኘከች፣ ቤቱን ታምሰው ይሆን ነበር። ልክ ነው ያደረግሽው ብሎ የሚያሳርፈኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሐኪሟ ልክ ነው ትለኛለች፣ ልጄም ልክ ነው ትለኛለች። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት አልፈው ጸጥ ሲል፣ ልክ መሆኑ ብቻውን አይበቃኝም።

ትናንት በዚያው ሰዓት ሁለታችንም በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ጆሮዋን አቆመች። ተነስታ ወደ በሩ ሮጠችና ጮኸች። ሰው መጣ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተከተልኳት። በሩን ከፍቼ ግራ ቀኝ አየሁ፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነፍሳል። ጎን ለጎን ትንሽ ቆመን አየንና ተመለስን።